ስለሚያፏጨው ድስት፦ ለአንድ የማከብራቸው ገጣሚ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። ግጥም ሊሰማ የሄደ ሰው ስለ ድስት ሰምቶ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ እኔ ግን የተመለስሁት ስለ ድስት ሰምቼ ነው። መድረኩን የያዙት በዕድሜም በሥራም የማከብራቸው አንጋፋ ገጣሚ ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ጠቤ ከሐሳባቸው እንጂ ከእርሳቸው ጋር አይደለምና። ስለ ዘመኑ ወጣት ገጣምያን ችኮላ ሲናገሩ ቆዩና ድንገት እንዲህ አሉ፦ «በፉጨት የበሰለ ወጥና በችኮላ የተጻፈ ግጥም አንድ ናቸው። ሆድ ይሞላሉ እንጂ ነፍስ የላቸውም!» አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እርሳቸውም ጭብጨባው ሳይበርድ ቀጠሉ፦ «እናቶቻችን እሳት ዳር ቆመው ያበሰሉትን ትተን፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ፓስታ ፈረንጅ በሠራው ድስት እያስፏጨን ባለቅኔ ነን እንላለን!» ጭብጨባው ባሰ።

እኔም አጨበጨብሁ። ውድ አንባብያን፣ ይህን አልደብቃችሁም። እጄ ከሰው እጅ ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከምትገኘው ቤቴ ደርሼ የወጥ ቤቱን መብራት ሳበራ ግን፣ ያ የተወገዘ ድስት ታጥቦ፣ ክዳኑ ጎኑ ላይ ተጋድሞ፣ ምድጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በማግስቱ እሑድ ነበር። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ምሳ የምሠራው እኔ ነኝ፤ የምሠራውም ፓስታ በስጎ እንደሆነ ካሰብሁበት ሦስት ቀን ሆኖኛል። ሥጋው ተገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። በገዛ ምሳዬ ላይ ማጨብጨቤ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጭብጨባ ንስሐ ነው።

አስቀድሞ የምንከራከርበት ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። ፕሬዠር ኩከርን የሚያወግዙ ብዙዎቹ ሰዎች ነገሩን የሚያውቁት በፉጨቱ ብቻ ነው፤ ከሳሎን ሆነው ሰምተውታል። ሥጋና ውኃ ከትተው ክዳኑን ገጥመው የሚተኙበት ዕቃ ይመስላቸዋል።

የእኔ ስጎ እንዲህ ነው። ከሥጋ ቤት የምገዛው ሽንጥ አይደለም፤ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ሽንጥ የሚገዛው ለዓመት በዓል ነው። የምገዛው ወርች ነው። ቅልጥም ከተጨመረልኝ ደግሞ ቀኑ የእኔ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ስድስት ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ሳልገጥም፣ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት፣ እናቴ እንዳሳየችኝ አድርጌ አቁላላዋለሁ። ይህ ብቻውን 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማማሰያው ከእጄ አይወጣም። ሽንኩርቱ ወዙን ሲጥል ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይገባል፤ ግማሽ ማንኪያ በርበሬም ይከተላል። ጣሊያን ቢያይ ይከፋው ይሆናል፤ እርሱን ለእርሱ እንተውለት። ሥጋው ገብቶ መልኩ እስኪለወጥ ይገላበጣል። ከዚያ የተከተፈ ቲማቲም፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ክዳኑ የሚገጠመው ገና አሁን ነው። መጮህ ሲጀምር እሳቱን እቀንሳለሁ፤ 35 ደቂቃ። አጥፍቼም አልከፍተውም፤ እንፋሎቱ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ እተወዋለሁ። ሲከፈት ሥጋው በማንኪያ ይቆረጣል፣ መረቁ ግን ገና ቀጭን ነው። በታፈነ ድስት ውስጥ ውኃ የሚሄድበት ስለሌለ ይህ የታወቀ ጠባዩ ነው። እንግዲህ ሳልሳው የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከበሶብላ ጋር፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሩብ ሰዓት እየተንተከተከ እስኪወፍር።

ሳልሳውን ከመጀመሪያው የጨመርሁበት ቀን አለ። ከሥር አረረ። ሽታው በደረጃው ወርዶ ምድር ቤት ድረስ ስለተሰማ አንዲት ጎረቤታችን በር አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ቤታችሁ ሰላም ነው?» አሉኝ። ፓስታውን በቅቤና በበርበሬ በላነው።

ችኮላው የታለ ታዲያ? ከሽንኩርት ክተፋው እስከ ማውረዱ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ውስጥ ድስቱ እኔን የማይፈልግበት አንድ ሰዓት መኖሩ ነው። የተከበሩት ገጣሚ ያልወደዱት ይህችን አንዲት ሰዓት ከሆነ፣ እርሷ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ተፈጥሮ። አዲስ አበባ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እኛ ያለንበት ንፋስ ስልክ ላፍቶም ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እኛ ዘንድ በ92 ወይም በ93 ይፈላል። እሳቱን የፈለግነውን ያህል ብናነድደው ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ከዚያ አያልፍም፤ እየተነነ ያልቃል እንጂ አይሞቅም። እንግዲህ በሬያችን ለዓመታት ቀንበር ተሸክሞ ያረሰ በሬ ነው፤ ወርቹ ጅማት ነው። ያ ጅማት ቀልጦ መረቁን የሚያጣብቅ ወዝ እንዲሆን ወይ ብዙ ሙቀት ወይ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሙቀቱን ተራራው ነፈገን። ስለዚህ ሰዓት ከፈልን። ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ይቆየን።

የሚያፏጨው ድስት የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ተራራው የወሰደብንን ይመልስልናል፣ ከዚያም በላይ ይጨምርልናል። በእኛ ከፍታ እንኳ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ ለሳይንስ ሊቃውንቱ ማኅበር ይህን ድስት ሲያሳይ ዓላማው አጥንትን ማለስለስ ነበር፤ ፍርፋሪና አጥንት የሚቀርበት ድኻ የሚበላው እንዲያገኝ። ድስቱ እንዳይፈነዳ የእንፋሎት ማስተንፈሻውንም የፈጠረው እርሱ ራሱ ነው። ለባሕር ዳር ሰው የተፈጠረ መሣሪያ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ለደጋ ሰው ሆኖ ተገኘ! የደብረ ብርሃንና የጎንደር እናቶች፣ የእንጦጦ ሥር ነዋሪዎች፣ ይህን ድስት ፈረንጅ ስለሠራው መግፋት አለባቸው የሚል ሰው ካለ እስቲ በክፍት ድስት የወርች ሥጋ ጥዶ ያሳየን። ራሱ ጥዶ ማለቴ ነው።

(ድስቱ ይፈነዳል የሚሉ አሉ፤ እናቴም አንዷ ናት። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ማስተንፈሻው ንጹሕ መሆኑ ሁልጊዜ መታየት አለበት፤ ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ እንፋሎቱ ሳይወርድ ክዳኑን በግድ መክፈት ሞኝነት ነው። ይህን የማይጠብቅ ሰው ክፍት ድስትም ያቃጥለዋል።)

«ጣሊያን ጥሎት የሄደው ፓስታ» ወደሚለው ልምጣ። የአምስቱን ዓመት ወረራ አላቀልለውም፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደም በምሳ ወሬ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የጠላትን ግፍ ማስታወስ አንድ ነገር ነው፤ ጠላት የነካውን ሁሉ የእርሱ ነው ብሎ መፈረም ሌላ ነገር ነው። ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው ስንዴ በዚህ አገር ገበሬ እጅ የኖረው ከፋሽስት በፊት እጅግ ብዙ ዘመን ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ከወረራው ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 እዚህ ተዘዋውሮ የዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። በአንጻሩ «የአባቶቻችን» የምንለው በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ሳይሻገር በፊት በዚህኛው ወገን ያለ ሰው አያውቀውም ነበር። ቲማቲሙም እንዲሁ፤ ጣሊያኑም የተቀበለው ከዚያው ነው። እንግዲህ እንግዳ ይውጣ ከተባለ ቀድሞ የሚወጣው ቀይ ወጣችን ነው።

ቃሉስ? ስጎ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማንም አይክድም። ግን እኔ ተቀምጬ የምጽፍበትን ክፍለ ከተማ ስም ተመልከቱ። ንፋስ ስልክ! ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ሲመጣ ስሙን ያወጣው ሰው ቋንቋ ዐዋቂ ጉባኤ አልጠራም። ነገሩ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መሆኑን አይቶ «ንፋስ» አለ፤ «ስልክ» የሚለውን ደግሞ ሽቦ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣውን ቀድሞ ለምዶት ነበርና ገጠመው። የራሱን ቃልና የተዋሰውን ቃል አጋጥሞ በሁለት ቃል አንድ ስንኝ ሠራ፤ ትርጉሙን ቆጥራችሁ ብታዩት «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ነው። እኔ ከአሥር ዓመት በላይ ግጥም ስሞክር እንደዚህ ያለ አንድ ስንኝ አልወጣኝም። ሰፈራቸውን በዚህ ስም የሚጠሩ ሰዎች ስጎ ቢሉ አማርኛ አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው። ገጣሚው «እናቶቻችን እሳት ዳር ቆመው» ሲሉ አዳራሹ ያጨበጨበው ለእናቶች ይመስለው ነበር። እኔ አንዲት እናት አውቃለሁ፤ የእኔን። ጎፋ ሰፈር በወጣትነቷ ገብታ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አዲስ ሙሽራ ነበረች። ትምህርቱ የሚሰጠው በቀበሌው አዳራሽ፣ አመሻሽ ላይ ነበር። አመሻሽ ደግሞ ወጥ የሚጣድበት ሰዓት ነው። ማገዶውን ቀንሳ፣ ድስቱን ለእግዜር አደራ ብላ እየሮጠች ትሄዳለች፤ ፊደል ቆጥራ እየሮጠች ትመለሳለች። አንድ ምሽት ሽንኩርቱ አረረ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን «ቤት የሌላት ሴት አስመሰልሽን» አላት፤ በማግስቱ አልሄደችም። ይህን ስታወራ ዛሬም ትስቃለች፦ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሽንኩርቱ አረረብኝና ‹ቀ› ላይ ቀረሁ።»

ፊደሉን በጣታችሁ ቁጠሩት፤ ከሀ እስከ ቀ ዘጠኝ ረድፍ ነው። የእናቴ ስም የሚጀምርበት ፊደል ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። በመስኮቴ ፊት በየቀኑ እናቶች ይቆማሉ። ቅጹን አቀርብላቸዋለሁ፤ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ እናቴ» እላለሁ። እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አውራ ጣታቸውን ያሳዩኛል። ቀለሙን እገፋላቸዋለሁ። አሻራው ላይ የቢላዋ ጭረትና የምጣድ ጠባሳ ስለሚበዛ አንዳንዴ በደንብ አይወጣም፤ ሁለተኛ ጊዜ አስደግማቸዋለሁ። ጣታቸውን የሚጠርጉባት ትንሽ ጨርቅ አለችኝ። እሳት ዳር የመቆም ጸጋ ሲወደስ እኔ የምትታየኝ ያቺ ጨርቅ ናት።

ሥራዬ መቁጠር ስለሆነ አንድ ቀን ቆጠርሁት። እናቴ እንጀራውን ሳይጨምር በወጥ ድስት አጠገብ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆማለች ብል አነስሁ እንጂ አላበዛሁም። ሠላሳ ዓመት። 27,375 ሰዓት ይመጣል። ያለ እንቅልፍ፣ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ቢቆጠር 3 ዓመት ከአንድ ወር ተኩል ያህል ነው። ከዚህ ላይ ግማሹን የሚመልስላት ድስት በዘመኗ ገበያ ውስጥ ቢኖርና ቢገዛላት ኖሮ ቢያንስ «አ»ን ታልፍ ነበር እላለሁ። ማን ከፈለ ላልሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የተራራውን ዕዳ የከፈለችው እርሷ ናት፤ ደረሰኝም አልተሰጣትም።

እዚህ ላይ ራሴንም ሆነ ድስቱን አላሞካሽም። ድስት ነጻ አያወጣም። ሰውየው ከሶፋው ካልተነሣ፣ ድስቱ የመለሰላትን ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ይወስድባታል። እኔም ያገባሁ ሰሞን የተነሣሁት በፈቃዴ አልነበረም፤ ባለቤቴ ከሌሊት ተራ ተመልሳ ቆማ እያማሰለች ስታንቀላፋ ስላየኋት ነው። ማማሰያውን ከእጇ ስቀበላት አልነቃችም ማለት ይቻላል። ድስቱን የገዛነው በዚያ ወር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለውጥ በፊት መሆኑ ደግሞ ዕድላችን ነው።

ያቺ ድስቱ እኔን የማይፈልግባት ሰዓትም እንዲህ ታልፋለች፦ መጀመሪያ ዕቃ አጥባለሁ። ከዚያ ወንበር ወደ ወጥ ቤቱ አስገብቼ አነባለሁ ወይም እጽፋለሁ፤ በዚህች ቤት የተጻፉ ግጥሞቼ ሁሉ የስጎና የሽምብራ ወጥ ግጥሞች ናቸው። ባለቤቴ መኝታ ቤት ተኝታለች፤ ፉጨቱን ስለለመደችው አይቀሰቅሳትም። መብራት ሲሄድ ደግሞ (ይሄዳልም) ድስቱ ያፈነውን ሙቀት ይዞ ለብቻው መሥራቱን ይቀጥላል።

እውነት የሆነውን ለመመስከር ያህል፣ ለገጣሚው አንድ ነገር እተውላቸዋለሁ። ዶሮ ወጥ በፉጨት አይሠራም። ሞክሬው አይደለም፤ ልሞክረውም አልፈልግም። የዶሮ ወጥ ነገሩ ሁሉ ሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ውኃውን እየተወ፣ እየተማሰለ፣ ክፍት ሆኖ መቀነስ አለበት። እንፋሎት ማፈን እዚያ ላይ ጠላት ነው። ሁሉም ወጥ የየራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚያወጣው ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር እንጂ አዳራሽ ውስጥ ያለው አጨብጫቢ አይደለም።

ግጥሙን በተመለከተ ግን አልተውላቸውም። ባለቅኔ ነን የሚል ሰው እፍን ያለ ነገርን እንዴት ይጠላል? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙም ወርቁም ይታፈናል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ሰሚው ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል። በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ «አምስት ዓመት እስካማስለው ጠብቁኝ» አይልም። በእኛ ዘንድ ጠባብ ቦታ፣ አጭር ጊዜና ብርቱ ግፊት ነውር ሆነው አያውቁም። ረጅሙና የተንዛዛው፣ ተማስሎ ተማስሎ ውኃ ብቻ የቀረው ግጥም ነው በየመድረኩ የሚያስተኛን። ያን ምሽት የተነበቡትን አልቆጥርም።

እንግዲህ የማከብርዎ ገጣሚ፣ ጽሑፌ ከደረሰዎ ግብዣዬም አብሮ ይድረስዎ። የጾም ወራት ባልሆነ በሚመችዎ እሑድ ጀሞ ብቅ ይበሉ። ከታክሲ መውረጃው ወርጄ እቀበልዎታለሁ፤ አራት ፎቅ መውጣት ስላለ ቀስ እንላለን። እናቴም ትመጣለች። ግጥምዎን ይዘው ይምጡ፤ እርሷ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብለው ያነቡላታል፤ ማዳመጥ ላይ ከማንም የበረታች ናት፤ ያልወደደችውንም አትደብቅም። ሥጋውን እኔ እገዛለሁ። ስድስቱ ራስ ሽንኩርት ግን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ቢላዋው የተሳለ ነው፣ ሽርጥም አለን።